ሎሚ ይዛችሁ ሂዱ

ዛሬ ረዘም ያለ ነው፤ የተመቸው ቡናውን ይዞ ያንብበው፣ ያልተመቸው ይለፈው፣ አልቀየምም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ቨርጂኒያ የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ነው የላከልኝ። ልጁ እዚያ ሥራው የኪችን ካቢኔትና የድንጋይ ካውንተር መግጠም ነው። ፎቶው ላይ ያለው ካቢኔት ቀለም ያልተቀባ እንጨት ነው፤ የዛፉ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከላዩ ያለው ድንጋይ ደግሞ የማያብረቀርቅ ጥቁር ግራጫ ነው። ሶፕስቶን ይሉታል፤ በእኛ የሳሙና ድንጋይ ብንለው ያስኬዳል፣ ምክንያቱም ሲዳስሱት ደረቅ ሳሙና የነኩ ያህል ይለሰልሳል። እኔም ከሥሩ «የአያቴ ማድቤት ትዝ አለኝ፣ ደስ ይላል» ብዬ ጻፍኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ኮሜንት ያያችሁ አይታችኋል። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የድሃ ቤት ነው።» «ሰው ወደ ፊት ሲሄድ ቲቸር ወደ ኋላ።» አንድ ቤት የሚያስውብ ባለሙያ ደግሞ «እንዲህ ዓይነት ኪችን ሠርቼ ብለጥፍ ደንበኛ ይሸሸኛል» አለ። ስቄ ልተወው ነበር። ግን «የድሃ ቤት» የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ለምን ብትሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ልክ እንደዚያ ነበር የማስበው። ዋጋውንም ከፍያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. እቁብ ወጣልኝ። የመምህር ደሞዝ ስንት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሁለት ዓመት ጥርሴን ነክሼ የጣልኩት እቁብ ነው። እዚሁ ጅማ የገባንበት ቤት ኪችኑ ባዶ ሲሚንቶ ነበርና «ባለቤቴን ላስደስታት» ብዬ 95 ሺህ ብር አፈሰስኩበት። ነጭ፣ ፊት የሚያሳይ፣ ሃይ ግሎስ የሚባለው ኤምዲኤፍ። ከላዩ ነጭ እብነ በረድ። ሠሪው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ እያሳየኝ «መምህር፣ አሁን ዘመናዊው ይሄ ነው» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ሳይቀመጥ መጀመሪያ የማስጎበኘው ኪችኑን ነበር። የምር ነው የምላችሁ።

የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ልብስ ታጥቦ ሳምንት የማይደርቅበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ከማጠቢያው ሥር ያለው በር አልዘጋ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የካቢኔቱ ታችኛው ጠርዝ ውሃ ጠጥቶ ወጥ ውስጥ እንደወደቀ ዳቦ አብጧል። የማጠፊያው ብሎን ተነቅሎ ወጣ፤ መልሼ ልሰር ብል ውስጡ ዱቄት ነው፣ ብሎን የሚይዝ ነገር የለውም። ሠሪው ጋ ደወልኩ። «እሱ አይጠገንም መምህር፤ ይቀየራል» አለኝ። ለሁለት ዓመት የቆጠብኩት ብር ሁለት ክረምት አልተሻገረም።

እብነ በረዱስ? ሎሚ የተቆረጠበት፣ ቲማቲም የተከተፈበት፣ የአቼቶ ጠርሙስ የተቀመጠበት ቦታ ሁሉ የደበዘዘ ክብ ክብ ጠባሳ ሆኗል። እርድ የፈሰሰበት ቢጫ ነው። ቢታሽ፣ ቢታጠብ አይለቅም።

የሚያሳፍረው ነገር እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ መሆኔ ነው! ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የእብነ በረድ ቁራጭ ላይ አሲድ ጠብ ሳደርግ ትፍ ትፍ እያለ ሲፈላ፣ «ጋዙ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃችሁ። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያወጣ ይሟሟል። ሎሚ ሲትሪክ አሲድ አለው፣ አቼቶ አሴቲክ አሲድ። ይቺን ፈተና ላይ ካልጻፋችሁ ማርክ የምቀንስባችሁ ሰውዬ፣ ቤቴ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት ላይ ሎሚ አስጨምቃለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የማውቀውን ነገር ማድቤቴ ድረስ ይዤው አልገባሁም።

ባለቤቴን ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ጓሮ ነበረች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የእንጨት መክተፊያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ከሰሉ ከፊቷ ይጨሳል። «ያ ኪችን እኮ ተበላሸ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ድሮስ መቼ ሠራሁበት? ለእንግዳ ነው የሠራኸው» አለችኝ። ተመልሳ ሽንኩርቷን ቀጠለች። አልተቆጣችም። ቢያንስ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሮ ስትሠራ እያየኋት ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በኋላ ሜትር አምጥቼ ለካሁ። ካውንተሩ ከነእብነ በረዱ 93 ሴንቲ ሜትር ነው። እሷ ቁመቷ 1 ሜትር ከ52 ነው፤ ክርኗ ሲታጠፍ ከወለል 96 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ክንዳችሁን አጥፋችሁ፣ ክርናችሁ ትክክል ላይ ሽንኩርት ለመክተፍ ሞክሩ፤ ትከሻችሁ ጆሯችሁ ሥር ይገባል። ለመክተፍና ለማቡካት የሚመቸው ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ለእሷ ማለት ከ81 እስከ 86 ነበር። ሠሪው ግን «ስታንዳርድ ነው» ብሎ የሠራው የሆነ አገር ላለ የሆነ ሰው ቁመት ነው፤ እሷን ማንም አልለካትም። እኔም አልለካኋትም።

እንግዲህ «የድሃ ቤት» ላላችሁኝ መልሴ ከዚህ ይጀምራል። እኔ ያየሁት ትልቁ ድህነት ማንም የማይሠራበት የሚያብረቀርቅ ኪችን ሳሎን አጠገብ ገትሮ፣ እናትንና ሚስትን ጓሮ ቆርቆሮ ሥር ጭስ ማስበላት ነው። ስንት ቤት እንዲህ ነው? ኑ እንቁጠር ብል ብዙዎቻችን አንገታችንን እንደፋለን። ለታይታው ኪችን መቶ ሺህ፣ ሥራ ለሚሠራበት ማድቤት ግን አንዲት ጭስ ማውጫ እንኳ የለችውም።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ። ለምን ወደድኩት?

የሳሙና ድንጋይ ዋናው ነገሩ ታልክ የሚባለው ማዕድን ነው። የሞህስ የጥንካሬ መለኪያን ያስታወሰ ካለ፣ ታልክ 1 ላይ ነው፤ ከሁሉም ለስላሳው ማለት ነው። ለካውንተር የሚሆነው ዓይነት ከሌሎች ማዕድናት ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ጠንከር ይላል፤ ያም ሆኖ ቢላ ይጭረዋል። «ታዲያ ምኑን ወደድከው?» ትሉኛላችሁ። ይሄንኑ! ሲጫር በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። ባለቤቱ በገዛ እጁ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ማንም ጋ ሳይደውል። ሎሚውም አቼቶውም ምንም አያደርጉትም። እርጥበትም ዘይትም ወደ ውስጥ አያስገባም። ከእሳት የወጣ ድስት እላዩ ላይ ብታስቀምጡ ግድ የለውም። ባለፉት ዘመናት በአውሮፓና በአሜሪካ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ጠረጴዛና ማጠቢያ ከሱ ይሠራ የነበረው ለዚህ ነው፤ አሲዱንም እሳቱንም ስለሚችል። ፊንላንዶች ምድጃ ይሠሩበታል፣ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ። ብራዚል፣ ሚናስ ዤራይስ የሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ድስት ይፈለፍሉበታል። ሪዮ ዴ ዤኔሮ ተራራው ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመው ትልቁ የክርስቶስ ሐውልት ላዩ የተሸፈነው በዚሁ ድንጋይ ታይሎች ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅበታል። እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያም ኪሲ አካባቢ ታባካ በሚባል ቦታ ሰዎች ሳህንና ቅርጻ ቅርጽ እየሠሩበት ይኖራሉ። አንድ ተማሪዬ ከናይሮቢ ሲመለስ ትንሽ ሳህን አምጥቶልኛል፤ ክፍል ውስጥ ጥፍር እንዴት እንደሚጭረው የማሳየው በሱ ነው። አንድ ቀን ሎሚ ጨምቄበት አሳደርኩት። ጠዋት ላይ ጠብታ ምልክት የለውም።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ቲቸር ሶፕስቶን አስመጡ አለ» ብሎ የሚሮጥ እንዳይኖር። ይሄንንም እቃወማለሁ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ወደ 85 ኪሎ ይመዝናል። ያንን በዶላር ገዝቶ፣ በመርከብ ጭኖ፣ ጅቡቲ ላይ አራግፎ ማምጣት እንደገና ያው ለእንግዳ መሥራት ነው፤ የአብረቅራቂው ፉክክር ወደ ደብዛዛው ፉክክር ተቀየረ ማለት ነው። ፎቶውን አትቅዱ፤ ምክንያቱን ቅዱ። ምክንያቱ «ሥራ የሚችል፣ ሲጎዳ የሚጠገን» የሚል ነው። ደግሞ አንድ ነገር፣ የታልክ ድንጋይ አንዳንድ ቦታ ከአስቤስቶስ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። ማንም ቢሆን እንዲህ ዓይነት ድንጋይ የሚቆርጥ ወይም የሚያሽ፣ በውሃ እያረጠበና አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይሁን። አቧራው ቀልድ አይደለም።

እንጨቱስ? እዚህ ጋ ነው ንዴቴ የሚብሰው። እኛ ጅማ ነን እኮ! አገሩ ሁሉ የጅማ በርጩማ፣ የጅማ ወንበር እያለ ከእኛ ይገዛል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ በርጩማ የልጅ ልጅ ይቀመጥበታል። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በስኩል ትሪፕ አብረን ያየን አለን፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የእንጨት ሥራ ነው። ያንን ያየ ሰው ተመልሶ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጣብቆ፣ ፕላስቲክ ለብሶ ሲመጣለት «ዘመናዊ» ብሎ እንጨቱን «የገጠር» ይለዋል። ገበቴው እንጨት፣ መክተፊያው እንጨት፣ ማማሰያው እንጨት፤ ስንት ዓመት ውሃና እሳት ሲያዩ የኖሩ ናቸው። እናቶቻችን ገበቴ ሲሰነጠቅ ይጠግኑታል እንጂ አይጥሉትም።

«እንጨት ውሃ ይጠላል» የሚል አለ። ልክ ነው፣ ይጠላል። ያልደረቀ እንጨት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው በጥላ ሥር፣ አየር እንዲገባው መሐል መሐሉ ላይ ቁራጭ እየተደረገ ወራት ደርድሮ ማድረቅ ያስፈለገው። በደንብ የደረቀም ቢሆን ከክረምት ክረምት በስፋቱ ትንሽ ይነፋል፣ በጋ ይመለሳል፤ የሚያውቅ አናጢ ለዚያ ቦታ ይተውለታል። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ግን አንዴ ካበጠ አይመለስም። ልዩነቱ እሱ ነው። ለላዩ ደግሞ የተልባ ዘይት አለላችሁ። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ቀስ ብሎ ይጠጥራል፤ በስሱ እየቀባችሁ፣ የተረፈውን እየጠረጋችሁ፣ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ድገሙት። በመጨረሻ ንጹሕ የንብ ሰም። የምግብ ዘይት አትቀቡ፤ ይጣበቃል፣ ይሸታል። ከሁሉ በላይ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉ። ዘይቱ ሲጠጥር ሙቀት ያወጣል፣ ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ኦክሲዴሽን ነው፤ ይቺም ለፈተና ትሆናለች።

«ደኑስ? ሁሉም ሰው እንጨት ካለ ዋንዛ ሊያልቅ ነው» ያላችሁም አላችሁ። ይሄ ከሁሉም የማከብረው ተቃውሞ ነው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ሕግ ከከለከለ ቆይቷል፤ ልክም ነው። ከየት እንደመጣ የማይነግራችሁን ነጋዴ ጣውላ አትግዙ። ግን ዋንዛ የቡና ጥላ እኮ ነው፤ በየማሳው፣ በየጓሮው ይተከላል። ልጅ ሆነን ፍሬውን ለቅመን እየበላን እጃችን ተጣብቆ አልነበር? ግራቪሊያም አለ፣ ከፈረሰ ቤት የሚወጣ የድሮ ጣውላም አለ። ደግሞ በየሁለት ክረምቱ የሚጣል ካቢኔት ከምን የተሠራ ይመስላችኋል? እሱም የመጣው ከዛፍ ነው። አንድ ዛፍ ቆርጦ አርባ ዓመት መጠቀምና ያንኑ ብር በየጊዜው ቆሻሻ ላይ መጣል፣ የትኛው ነው ደን የሚጨርሰው?

ኤምዲኤፍ ያለው ሁሉ ተሳሳተ አላልኩም። ኪራይ ቤት ያለ፣ ብሩ የማይበቃው ሰው ምን ያድርግ? ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ውሃ የማይደርሰው ካቢኔት ኤምዲኤፍ ቢሆን ምንም አይደለም፤ እኔም የላይኛውን አልነቀልኩትም። የታችኛውን ግን ቢያንስ ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር በእግር አንሱት፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በደንብ አስደፍኑት። የኔ ጠብ ከሻጩ ጋር ነው፤ የማይጠገን መሆኑን እያወቀ «ዕድሜ ልክ ነው» ብሎ ከሚሸጠው ጋር።

ዓምና የኛን ኪችን እንደገና ሠራነው። «ሠራነው» ያልኩት በብዙ ቁጥር ነው፤ በዚህኛው ዙር መጀመሪያ የተናገረችው ባለቤቴ ናት። ከአማቴ ቡና ማሳ ውስጥ ንፋስ የጣለው አሮጌ ዋንዛ ነበር። ጣውላ ሆኖ ዘጠኝ ወር ጥላ ሥር ደረቀ። እዚሁ መርካቶ አካባቢ ያሉ አናጢ አባት ሠሩልን፤ የእጅ ዋጋው 38 ሺህ ብር ነበር። ካውንተሩ 84 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እኔ ዕቃ ሳጥብ ወገቤን ያመኛል፣ ይመመኝ። የሳሙና ድንጋይ የለንም። ድንጋይ ቤት ሄጄ ያላበረቀረቀ ግራጫ ግራናይት ቁራጭ ለማጠቢያውና ለምድጃው አካባቢ ገዛሁ፤ የቀረው ወፍራም ዋንዛ ነው። ግራናይት ብለው የሚሸጡት ሁሉ ግራናይት ስላልሆነ፣ ቁራጭ ናሙና ለምኜ ቤት ወሰድኩና ሎሚ ጨምቄበት አሳደርኩት። ሁለቱ ወደቁ፣ ሦስተኛው አለፈ። ኤሌክትሪክ ምጣዱ ከጓሮ ገብቶ መስኮት ሥር ሆነ፤ መስኮቱንም አሰፋነው። ከሰል ብቻ ውጪ ቀረ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፣ እሱ ላይ ክርክር የለም።

ቆንጆ ነው ወይ? እኔ እንጃ። ዋንዛው ላይ የድስት ጥቁር ቀለበት ወጥቶበታል፤ የልጄ ማንኪያ የጫረው አለ። በመስከረም አሽቼ ዘይት ቀባሁት፤ ግማሹ ጠፋ፣ ግማሹ አለ። ባለቤቴ ግን ሽንኩርት የምትከትፈው ቤት ውስጥ፣ ቆማ ነው። ባለፈው አንድ ጎረቤታችን ገብታ «ውይ፣ ያ የሚያምረው ነጩ የት ሄደ?» ስትላት፣ «እሱ የመምህሩ ነበር፤ ይሄ የኔ ነው» አለቻት።

ስለዚህ ኪችን ልታሠሩ ያሰባችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራ አለባችሁ። ሠሪው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የምትሠራበትን ሰው፣ ወይም የሚሠራበትን፣ ክርን ለኩ። «ምን ያስቸግርሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን እስኪያልቅ ስሙ። ሱቅ ስትገቡ ሎሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ ነጋዴው ናሙናው ላይ ጨምቃችሁ እንድታሳድሩ ካልፈቀደ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ። ካቢኔቱን ሲያሳያችሁ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ይሄ ሲበላሽ እንዴት ነው የሚጠገነው?» «ይቀየራል» ካላችሁ፣ የኔን 95 ሺህ ብር አስታውሱ።

እኔ አርክቴክት አይደለሁም፤ ዲፕሎማ ያለኝ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። የምታውቁት ባለሙያዎች አርሙኝ፣ ደስ ይለኛል። «የድሃ ቤት» ልትሉኝ የተዘጋጃችሁም ጻፉ፣ አልሰርዝም። ግን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ጓሮ ወጥታችሁ ማን ጭስ ውስጥ እንደተቀመጠ አይታችሁ ተመለሱ።

መምህራችሁ፣ ከጅማ